የኢንዶኔዥያ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ውጤት እንዴት ይነበባል?

የኢንዶኔዥያን ምርጫ የሚከታተል ሰው አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው፣ መራጩ ድምፁን የሚሰጠው ለፕሬዝዳንትነትና ለምክትል ፕሬዝዳንትነት በአንድነት ለቀረቡ ሁለት እጩዎች፣ ማለትም ለአንድ ጥንድ መሆኑን ነው።

ከዚያ ሁለት ስሌት ይሠራል። አንድ ጥንድ በመጀመሪያው ዙር እንዲያሸንፍ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት፤ በተጨማሪም ከጠቅላይ ግዛቶቹ ከግማሽ በሚበልጡት፣ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ጠቅላይ ግዛቶቹ 38 ስለሆኑ የሚፈለገው ቁጥር 20 ነው። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚኖረው በጃቫ ደሴት በመሆኑ፣ ሁለተኛው መስፈርት የሌሎቹን ደሴቶች ድምፅ ከመዘንጋት የሚጠብቅ በመሆኑ እጅግ አስተዋይ ድንጋጌ ነው እላለሁ። ስለዚህ አገራዊውን መቶኛ ብቻ አይተው አይደምድሙ። መስፈርቱን የሚያሟላ ከሌለ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደሆነው፣ ሁለቱ ቀዳሚ ጥንዶች በሁለተኛ ዙር ይወዳደራሉ።

በምርጫው ዕለት የሚሰራጨው ፈጣን ቆጠራ ከናሙና ጣቢያዎች የተወሰደ ግምት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ወደ እውነቱ ቢቀርብም፣ ሕጋዊ ውጤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ድምፅ የተሰጠው ፌብሩዋሪ 14 ሲሆን፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ፕራቦዎ ሱቢያንቶ 58.6 በመቶ ማግኘታቸውን ያወጀው ማርች 20 ነበር። ከዚህም በኋላ ተሸናፊዎች በሦስት ቀን ውስጥ ለሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት አቤት ማለት ስለሚችሉ፣ ውሳኔውን መጠበቅ ያስፈልጋል። አሸናፊው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ኦክቶበር 20 ነው።