ሰይቼንቶ ገዝቶ ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ

አዳማ ላደገና ዕድሜው ለገፋ ሰው ሰይቼንቶ፣ ማለትም ትንሿ ፊያት 600 መኪና፣ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ነገር አያጣም። እኔ የሚታየኝ ወደ ሶደሬ የምንሄድበት የእሑድ ጠዋት ነው፤ አባቴ መሪውን ይዞ፣ እናቴ አገልግሉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እኛ ልጆቹ ከኋላ ተጣበን፣ ከጀርባችን ደግሞ የሞተሩ ድምፅ። ያንን መኪና መልሶ ለማግኘት የሚመኝ ሁሉ መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ የሚገዛው ላሜራውን እንጂ ሞተሩን አለመሆኑን ነው። ሞተር ይታደሳል፤ ዝገት የበላው አካል ግን ገንዘብንም ትዕግሥትንም ይጨርሳል።

ፊያት 600 በመሐንዲሱ ዳንቴ ጃኮዛ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1955 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ቀረበ። የመጀመሪያው ሞተር 633 ሲሲ ሲሆን፣ በ1960 የተከተለው 600 ዲ 767 ሲሲ አለው። እስከ 1964 ድረስ የበሮቹ ማጠፊያ ከኋላ በኩል ስለነበር በሩ ሲከፈት ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ይህን በር ነው፤ ስለዚህ የበሩን ትዝታና የተሻለውን ጉልበት አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው ከ1960 እስከ 1964 የተሠራውን 600 ዲ እመክራለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ፍለጋው እዚሁ አገር ውስጥ፣ በየግቢው ሸራ ለብሰው ከቆሙት መካከል ይሆናል።

ይህ መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው አካሉ ራሱ ነው። በዚህ ምክንያት ከበሮቹ ሥር በርዝመት የሚሄደው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ላሜራ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር አለበት። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በላዩ ላይ ቀስ ብለው ያንሸራቱት፤ የማይስብበት ቦታ ካጋጠመዎት እዚያ ያለው ወፍራም ስቱኮ እንጂ ብረት አይደለም። ቀጥሎም በሮቹን ዘግተው መኪናውን በአንድ ጎን በክሪክ ያስነሡና በሩን እንደገና ከፍተው ለመዝጋት ይሞክሩ። በሩ ከተያዘ ወይም የዙሪያው ክፍተት ከተለወጠ አካሉ እየታጠፈ ነው ማለት ነው። ከፊት በኩል የዕቃ ማስቀመጫውን ከፍተው ከባትሪው በታች ያለውን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ መንካትዎንም አይርሱ፤ ለዓመታት የፈሰሰ አሲድ ብረቱን እንደ ደረቅ እንጀራ ያደርገዋል። እኔ የመጀመሪያውን መኪና የገዛሁት የቀለሙን ማማር ብቻ አይቼ ነበር። ምንጣፉን ሳነሣ ግን ወለሉ በጣሳ ቆርቆሮና በሬንጅ ተደፍኖ አገኘሁት፤ ሙሉ ወለል አስቆርጬ ለማስበየድ ከመኪናው ዋጋ በላይ አውጥቻለሁ።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ። በእነዚህ መኪናዎች ዕድሜ ሞተር መለወጥ የተለመደ ነው፤ ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ ደግሞ ሁሉም ወራሾች መስማማታቸውን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል።

ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተሩም ከጎኑ የተቀመጠ ስለሆነ የአዳማ ሙቀት የሚያጠቃው ቦታ ይህ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ካዩ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከክዳኑ ሥር የሚገባው ማሸጊያ፣ መቃጠል ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ከሥሩ ያለው የሞተሩ ዋና አካል (ብሎኩ) ግን የብረት በመሆኑ ሙቀት ሲበዛ ቴስታታው ይጣመማል። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑን ብቻ ለውጦ መግጠም አይበቃም፤ ቴስታታው ተለክቶ በቶርኖ ቤት መስተካከል፣ ብሎኖቹም ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ ጥብቀቱን በቁጥር በሚያሳይ ቁልፍ፣ በየደረጃው መጥበቅ አለባቸው። ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ አሳጥበው በኩላንት ይሙሉት፤ የቧንቧ ውሃ በጊዜ ብዛት ቅርፊት ይሠራል።

ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዳማ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል አየሩ ይከብዳል፤ ለዚያኛው ከፍታ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ነቅለው ጫፉ ነጭ ሆኖ ካገኙት ካርቡራተሩን እንደገና ያስተካክሉ።

ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ፍሬን ላይ መቆጠብ አይገባም። አራቱም እግሮች ከበሮ ፍሬን ናቸው፤ የደረቁትን ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች)፣ የፍሬን ሸራዎቹንና የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ይቀይሩ። መለዋወጫ ፍለጋ የአዲስ አበባውን ሶማሌ ተራ ካዳረሱ በኋላ፣ በዩጎዝላቪያ እስከ እ.ኤ.አ. 1985 የተሠራው ዛስታቫ 750 እና የስፔኑ ሴአት 600 ከዚሁ መኪና የተወለዱ መሆናቸውን አስታውሰው ውጭ አገር ላሉ ዘመዶችዎ በእነዚህም ስም እንዲፈልጉ ይንገሯቸው። ቀለም የሚቀባው ብየዳውና ሞተሩ ካለቁ በኋላ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ያሉትን ሁለት ትንንሽ ማንሻዎች እንዳያስነቅሉ አደራ እላለሁ። አንዱ ቾክ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሣት የሚረዳ) ነው፤ ሌላው ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሣውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ የሚያዞር ነው። መካኒኮች በቁልፍ ብቻ እንዲነሣ እናድርገው ይላሉ፤ ሆኖም የማንሻውን ገመድ አጽድቶ ቅባት መቀባት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ አባቴም በየጠዋቱ መኪናውን ሲያስነሣ ይስበው የነበረው ይህንኑ ማንሻ ነው።