ግንደ ቆርቁርና ጭልፊት ከቤት ሳይርቁ እንዴት ይታያሉ?

ወፍ ማየት የጀመርኩ ሰሞን ትልቁ ስህተቴ ወፍ መፈለጌ ነበር። ባይኖኩላሩን (የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር) ዓይኔ ላይ ለጥፌ ከዛፍ ዛፍ ስዞር እውላለሁ፣ የማየው ግን ቅጠል ብቻ። ኋላ ነው የገባኝ። መፈለግ ያለበት ወፉ ሳይሆን ምልክቱ ነው። ግንደ ቆርቁር በድምፁ ይታወቃል፣ ጭልፊት ደግሞ ሌሎቹ ወፎች በሚያነሱት ሁካታ። ይህን ከያዛችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ መስኮት ወይም በረንዳ፣ ጥቂት ዛፍና ትንሽ ሰማይ ይበቃል።

በቀላሉ እንጀምር፣ በግንደ ቆርቁር። ከ200 በላይ ዝርያ አለው። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ ወይም ማዳጋስካር ካልሆናችሁና ዛፍ ባለበት አካባቢ ከኖራችሁ፣ አንዱ በአቅራቢያችሁ የመኖሩ ዕድል ጥሩ ነው።

ሁለት ዓይነት ምት ለዩ። የመጀመሪያው ዝግ ያለና ሥርዓት የሌለው ነው፦ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ዝም፣ ደግሞ ጠቅ። ይህ ምግብ ፍለጋ ነው፤ ቅርፊት እየፈለቀቀ እጭና ጉንዳን ያወጣል። ሁለተኛው ድርርርር የሚል ፈጣን ምት ነው፣ በአንዳንዶቹ ዝርያዎች በሰከንድ እስከ 20 ጊዜ ያህል ይደርሳል፣ ከሰከንድ ሁለት ሰከንድ በኋላም ቀጥ ይላል። ይሄኛው ከምግብ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። «ይህ ቦታ የእኔ ነው፣ አጣማጅም እፈልጋለሁ» ማለቱ ነው። ስለዚህ የሚመርጠው በደንብ የሚያስተጋባ ነገር ነው፤ ደረቅ ቅርንጫፍ፣ ካገኘም የቆርቆሮ ጣሪያ ወይም የብረት ምሰሶ። (ጎህ ሲቀድ ጣሪያችሁን የሚደበድብ ካለ፣ ቤታችሁን ሊበላ ሳይሆን ድምፁን ሊያሰማ ነው። ለእንቅልፍ ግን ያው ነው።) ሁሉም ዝርያ እንዲህ አይመታም፣ በጩኸቱ ብቻ የሚታወቅም አለ።

ድምፁን ስትሰሙ አትሩጡ! እኔ እሮጥ ነበር። አንዴ እንዲያውም ሁለት ሜዳ አቋርጬ የደረስኩት አጥር የሚመታ አናጢ ጋ ነው። ባላችሁበት ቁሙና ድምፁ በሁለቱም ጆሯችሁ እኩል እስኪሰማ ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ያኔ ፊታችሁ ወደ እሱ ዞሯል ማለት ነው። ከዚያ ቅጠሉን ተዉትና ደረቅ የሆነውን ክፍል ብቻ ተመልከቱ። ወፉ ካያችሁ በግንዱ ማዶ ይሸሸጋል፣ ይህ የታወቀ ተንኮሉ ነው። ዛፉን አትዙሩት፣ አብሯችሁ ይዞራል። ዝም ብላችሁ ብትጠብቁ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ከፍ ብሎ ብቅ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ እየዘለለ ነው የሚወጣው። ሁለት ሰው ከሆናችሁ በሁለት በኩል ቁሙ፣ አንዳችሁ ማየታችሁ አይቀርም።

ሲያርፍ እግሩንና ጅራቱን እዩ። በአብዛኞቹ ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ ነው፤ ጠንካራውን ጅራቱን ግንዱ ላይ ተክሎ እንደ ሦስተኛ እግር ይደገፍበታል። ሲበር ደግሞ ከሩቅ ትለዩታላችሁ፦ ክንፉን ጥቂት ጊዜ ይመታና ያጥፋል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና መትቶ ከፍ ይላል። እንደ ማዕበል ነው። ወፉ ባይኖር እንኳ ግንዱ ሥር የተበተነ ስንጥር ወይም ክብ ቀዳዳ ካገኛችሁ ቦታውን ያዙት። ቀዳዳው ውስጥ የሚታየው እንጨት ነጣ ያለ ከሆነ አዲስ ነው፣ ከጠቆረ ግን አሮጌ ነውና ሌላ ወፍ ተከራይቶት ይሆናል።

ጭንቅላቱ እንዴት አይታመምም የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። የራስ ቅሉ እንደ ስፖንጅ ምቱን ይውጣል ሲባል ኖሯል፣ በ2022 የወጣ ጥናት ግን እንደዚያ አይደለም ብሏል። ነገሩን ስታስቡት ግልጽ ነው፤ ምቱን የሚውጥ መዶሻ ምን ይሠራል? አንጎሉ ትንሽ ስለሆነ ነው ምቱ የማይጎዳው።

አሁን ወደ ጭልፊትና መሰሎቹ፣ ወደ አዳኞቹ ወፎች። እነዚህን የሚጠቁሟችሁ ሌሎች ወፎች ናቸው። ርግቦች በአንድ ጊዜ ብድግ ካሉ፣ ሲንጫጩ የነበሩ ትንንሽ ወፎች ድንገት ጸጥ ካሉ፣ ወይም ቁራዎች ተሰብስበው አንድ ነገር እየጮኹ ካሳደዱ፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ቀና በሉ። ዶሮ ያለው ሰው ደግሞ ታድሏል። ዶሮ ለሰማይ አዳኝና ለምድር አዳኝ የምታሰማው ድምፅ የተለያየ ነው፤ አንገቷን ጠምዝዛ በአንድ ዓይኗ ወደ ላይ ካየች እናንተም ወደዚያው እዩ። ከእኔ ባይኖኩላር ትበልጣለች።

እንደ ግንደ ቆርቁር ማልዶ መነሳት የለም። ትልልቆቹ አዳኞች የሚወጡት ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፤ በዚያ አየር ላይ ክንፋቸውን ሳይመቱ እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ። አደራ፣ ወፍ እየተከተላችሁ በባይኖኩላር ፀሐይን እንዳታዩ! ዓይን እስከ መጨረሻው ይጎዳል።

ቀለም ይቅርባችሁ። ሰማይ ላይ ያለ ወፍ ከሥር ሲታይ ጥቁር ነው። መጠንም ያታልላል፣ በባዶ ሰማይ ላይ የሚለካበት ነገር የለም፤ ይባስ ብሎ በአብዛኞቹ አዳኞች ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። እኛም ሁሉን ጭልፊት ወይም አሞራ ብለን ስለምናልፍ ስሙ አይረዳንም። ስለዚህ ቅርጽ፦ ሰፊ ክንፍ ኖሮት ጫፉ እንደ ጣት የተከፋፈለ ከሆነ ንስር ወይም ጥንብ አንሳ ይሆናል። ክንፉ ረጅምና ሹል ከሆነ የፋልከን ወገን ነው፤ ፔሪግሪን የሚባለው ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጅራቱ ረጅም ከሆነ በዛፎች መሐል እየተሹለከለከ ወፍ የሚያድን ነው፤ አጥራችሁን ታኮ ሽው የሚለው እሱ ነው። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ መሬት መሬት የሚያይ ካገኛችሁ ደግሞ አትነቃነቁ። ከሁሉም የምወደው ትርኢት ይሄ ነው፣ መጨረሻ ላይ አይጥ ላይ ሲወርድ ካያችሁ ቀኑን ሙሉ ታወሩታላችሁ።

ለሚያርፈው፣ የምሰሶና የደረቅ ዛፍ ጫፍን ፈትሹ። ከሥሩ ነጭ ኩስ ከተንጠባጠበ ቋሚ መቀመጫው ነው። የላባ ክምር ካገኛችሁ የላባውን ሥር እዩ፤ ሙሉ ሆኖ ከተነቀለ የአዳኝ ወፍ ሥራ ነው፣ ተነክሶ ከተቆረጠ ግን ድመት ወይም ሌላ እንስሳ ጠርጥሩ። ግራጫ፣ ጸጉርና አጥንት የያዘች ኳስ ካገኛችሁ ምናልባት የጉጉት ትፍ ናት፣ ሆዷ ያልፈጨውን መልሳ የተፋችው። ጓንት አድርጋችሁ ብትበትኗት የአይጥ ራስ ቅል ሙሉውን ይወጣል፣ ልጆች ይሞቱለታል።

ባይኖኩላር ላይ ብዙ አልልም። 8 በ42 የሚለውን ያዙ፤ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊቱ መስታወት 42 ሚሊ ሜትር ነው። 10 እጥፉ ያጓጓል ግን ለጀማሪ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዋናው ነገር አነሳሱ ነው፦ ዓይናችሁን ከወፉ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ዝቅ ብላችሁ ካያችሁት ወፉ ጠፋ። ለድምፅ ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ቤተ ሙከራ ያወጣው መርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ይጠቁማል፣ ይሳሳታልም፣ ስለዚህ ወፉን ራሳችሁ ሳታዩ አትመዝግቡ።

ጎጆ ካገኛችሁ ራቅ በሉ፣ ወላጆቹ ከጮኹባችሁ በጣም ቀርባችኋል። የተቀዳ ድምፅ እያጫወታችሁ አትጥሯቸው፣ ተቀናቃኝ የመጣ መስሏቸው በከንቱ ይደክማሉ። የአይጥ መርዝም ተዉ፤ መርዙን የበላችውን አይጥ የሚበላት ጉጉቱ ወይም ጭልፊቱ ነውና አብሮ ሊሞት ይችላል። ደረቅ ዛፍ ካላችሁ፣ ሰው ወይም ቤት ላይ የሚወድቅ እስካልሆነ ድረስ አትቁረጡት።

ሰዓቱንና ያረፈበትን ቦታ ጻፉ። እነዚህ ወፎች ልማድ አላቸው፣ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት በዚያው ምሰሶ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ፎቶ ካማራችሁ የስልኩን ካሜራ በባይኖኩላሩ አንድ ዓይን ላይ አስጠግታችሁ ሞክሩ። ግማሹ ጥቁር ይሆናል፣ ይደበዝዛልም፣ የክንፉ ቅርጽ ከታየ ግን ይበቃል።