ጀማሪ የሲ ፕሮግራም ጸሐፊ ስህተቱን ፈልጎ የሚያገኝበት መንገድ

የሲ ቋንቋ ጀማሪን የሚያስቸግረው በትእዛዞቹ ብዛት አይደለም፤ ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው። የሚያስቸግረው ዝምታው ነው። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤል ላብራቶሪዎች የቀረጸው ይህ ቋንቋ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ለመጻፍ የዋለ፣ ለፍጥነት ቅድሚያ የሚሰጥና ጸሐፊው የሚያደርገውን ያውቃል ብሎ የሚተማመን በመሆኑ፣ የተሳሳተ ሥራ ሲታዘዝም ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቅ ይሠራዋል። ችግሮቹን በአንድ ምሳሌ ለማየት፣ የተማሪዎችን ስምና ውጤት ተቀብሎ አማካዩን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም እንጽፋለን እንበል። የፋንክሽኖቹን (በስማቸው ሲጠሩ የተወሰነ ሥራ የሚሠሩትን የኮድ ክፍሎች) ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያለሁ፤ ኮዱ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል፣ ትንሹና ትልቁ ሳይምታታ መጻፍ አለባቸው።

ከሁሉ በፊት ኮምፓይለሩን (የጻፍነውን ኮድ አጠናቅሮ ወደሚነሣ ፕሮግራም የሚለውጠውን) እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል። ጂሲሲ ወይም ክላንግ በተባለው ኮምፓይለር ስናጠናቅር ሰረዝ አድርገን ‹ዎል› የሚለውን አማራጭ (ደብልዩው በትልቁ፣ ኤ እና ሁለቱ ኤሎች በትንሹ) ብንጨምር፣ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ችግሮች ብዙዎቹን ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት በማስጠንቀቂያ ይነግረናል። ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት መቁጠር በመጀመሪያው ቀን ሊለመድ የሚገባ ጠባይ ነው። ሃያ የስህተት መልእክት ቢመጣም መነበብ ያለበት የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱን አርሞ እንደገና ሲያጠናቅሩት የቀሩት አብዛኞቹ አብረው ይጠፋሉ። የተጠቆመው መስመር ትክክል መስሎ ከታየ ደግሞ ከፍ ብሎ ያለውን ማየት ይገባል፣ ምክንያቱም ያልተዘጋ ቅንፍ ወይም የተረሳ ሰሚኮለን የሚታወቀው ኮምፓይለሩ ቀጥሎ ያለውን ሲያነብ ነው።

ውጤት መቀበል ስንጀምር የምንገናኘው ተጠቃሚው የጻፈውን ከሚያነበው ከስካንኤፍ ጋር ነው፤ የጀማሪ ጣጣ አብዛኛው እዚህ ላይ ይሰበሰባል። ስካንኤፍ የሚፈልገው የተለዋዋጩን (ዋጋ የሚቀመጥበት፣ ስም ያለው የሜሞሪ ቦታ) ዋጋ ሳይሆን የተነበበውን ቁጥር የሚያስቀምጥበትን አድራሻ ስለሆነ ከስሙ በፊት & ካልተደረገ፣ በተለዋዋጩ ውስጥ የነበረውን ቁጥር እንደ አድራሻ ወስዶ የማይፈቀድለት ሜሞሪ ላይ ለመጻፍ ይሞክርና ፕሮግራሙ ይወድቃል። ነጥብ ያለው ቁጥር ከሚይዙት ሁለቱ ዓይነቶች የደብል ተለዋዋጭ ሲነበብ ከ% በኋላ ኤል እና ኤፍ፣ የፍሎት ሲሆን ኤፍ ብቻ ይጻፋል፤ ወደ ስክሪን በሚጽፈው ፕሪንትኤፍ ላይ ግን ኤፍ ለሁለቱም ይበቃል። ልዩነቱ እስኪለመድ ማሰልቸቱ አይቀርም።

ከዚህ የበለጠ ግራ የሚያጋባው ግን ሌላ ነው። ተጠቃሚው 80 ብሎ መመለሻውን ሲጫን ስካንኤፍ ቁጥሩን ብቻ አንሥቶ የአዲስ መስመር ምልክቱን እዚያው ይተወዋል፣ ቀጥሎ ስም ለመቀበል የተጠራው፣ መስመር የሚያነበው ኤፍጌትስም ያንን ምልክት አንብቦ ባዶ ስም ይዞ ይመለሳል። ተጠቃሚው ‹ሰማንያ› ብሎ በፊደል ቢጽፍ ደግሞ ስካንኤፍ ምንም ሳያነብ ፊደሎቹን ባሉበት ስለሚተዋቸው፣ ትክክለኛ ቁጥር እስኪገባ የሚጠብቅ ሉፕ (የሚደጋገም የትእዛዝ ዙር) ማለቂያ የሌለው ሽክርክሪት ይሆናል። እኔ የምመክረው ሁሉንም ግብዓት መስመር በመስመር በኤፍጌትስ ተቀብሎ፣ ቁጥሩን ከመስመሩ ውስጥ በኤስስካንኤፍ ማውጣትና ኤስስካንኤፍ የመለሰው 1 መሆኑን ማረጋገጥ ነው። 1 ካልሆነ ቁጥር አልተነበበም።

ስሌቱ ላይ ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። ድምሩን የሚይዘው ተለዋዋጭ ከ0 እንዲጀምር በግልጽ ካልተጻፈ በሜሞሪው የነበረውን ትርፍራፊ ይዞ ይነሣል፤ አንድ ቀን ትክክል፣ በማግሥቱ የማይሆን ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው። ሁለተኛው፣ 80ና 91 ተደምረው 171 ሲሆኑ ለ2 የተካፈለው ውጤት 85.5 ሳይሆን 85 የሚሆነው ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑ ነው፤ መልሱን በደብል ተለዋዋጭ መቀበል ብቻውን አያድነውም፣ ክፍፍሉ ከመካሄዱ በፊት አንደኛው ቁጥር ወደ ደብል መለወጥ አለበት። ውጤቱ 100 መሆኑን ለመጠየቅ == ሳይሆን = ከተጻፈም ሁሉም ተማሪ መቶ ያገኛል፣ ተማሪው ቢደሰትም።

አምስት ቦታ ያለው አሬይ (በአንድ ስም የሚጠሩ ተከታታይ ቦታዎች) ከ0 እስከ 4 ይቆጠራል፤ የሉፑ ገደብ < መሆን ሲገባው <= ከሆነ ስድስተኛው ቁጥር የሌላ ተለዋዋጭ ቤት ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ስህተቱም ከተሠራበት ቦታ ርቆ ይታያል።

ስሞቹ በአማርኛ ሲሆኑ ይህ የቦታ ልክ ጉዳይ ለእኛ ይከብዳል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው፣ ፊደላትን በባይት በሚያስቀምጠው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ‹አበበ› የሚለው ስም 9 ባይት ነው፤ የጽሑፉን መጨረሻ ለሚያመለክተው ዜሮ ሲጨመር 10 ቦታ ይፈልጋል፣ ‹ገብረሥላሴ› ደግሞ 19። ስትርሌን የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል ስላልሆነ ለ‹አበበ› 9 ብሎ ቢመልስ አልተሳሳተም። 10 ቦታ ሰጥተን ‹ገብረሥላሴ›ን በኤፍጌትስ ብናነብ ‹ገብረ› ብቻ ይገባና ‹ሥላሴ› ለሚቀጥለው ንባብ ይተርፋል፤ 12 ብንሰጥ ደግሞ ሥ መሐሏ ላይ ትቆረጥና በስክሪኑ ላይ የማይነበብ ምልክት ትሆናለች። ስለዚህ ለስም 100ና ከዚያ በላይ ባይት መስጠት ስስት የማያሻው ጉዳይ ነው። እንደ ኤፍጌትስ መስመር የሚያነበው፣ ግን የቦታውን ወሰን የማያውቀው ጌትስ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ደረጃ ጀምሮ ከቋንቋው ተሰርዟል፤ አሮጌ ማስታወሻ ላይ ካገኛችሁት እለፉት።

ሁለት ስሞችን በ== ማነጻጸር አድራሻቸውን እንጂ ፊደላቸውን አያነጻጽርም፤ ለዚህ የተሠራው ስትርሲኤምፒ ሲሆን እኩል ሲሆኑ 0 ይመልሳል። በኤፍጌትስ የተነበበው ስም መጨረሻ ላይ የአዲስ መስመር ምልክት ስለሚቀር አስቀድሞ ካልተነሣ ግን የተነበበው ‹አበበ›ና በኮዱ ውስጥ የተጻፈው ‹አበበ› እንኳ እኩል አይሆኑም። ‹ፀሐይ›ና ‹ጸሃይ›ም ለጆሯችን አንድ ቢሆኑ ለስትርሲኤምፒ ሁለት ስሞች ናቸው።

ፕሮግራሙ ያለ ማብራሪያ ከወደቀ በየደረጃው ፕሪንትኤፍ እያስገቡ የት እንደደረሰ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መልእክት በአዲስ መስመር ምልክት ካላለቀ ስክሪኑ ላይ ሳይወጣ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ችግሩ ካለበት ቦታ ቀደም ብሎ ያለ ይመስላል። በጂሲሲና በክላንግ የሚገኘው አድረስ ሳኒታይዘር ከዚህ ይሻላል፤ ከማረሚያ መረጃ ጋር አጠናቅረን ስናስነሣው ከአሬይ ውጭ የተጻፈበትን ፋይልና የመስመር ቁጥር ያሳየናል። የሚያወጣው ዝርዝር ረጅም ስለሆነ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ የራስዎ ፋይል ስም መጀመሪያ የሚታይበትን መስመር መፈለግ ነው።