በምዕራብ ቤንጋል የሚገኙ ጥንታዊ የጃይን የጡብ ቤተ መቅደሶች እንዴት ይመረመራሉ?

በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት፣ በፑሩሊያ፣ በባንኩራና በባርድማን አካባቢ፣ በሩዝ ማሳዎች መካከልና በወንዝ ዳር ለብቻቸው የቆሙ ረጃጅም የጡብ ቤተ መቅደሶች ይገኛሉ። አብዛኞቹ ከ8ኛው እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተሠሩ የሚገመት ሲሆን፣ በርከት ያሉት በሕንድ ከተነሣው ጥንታዊ ሃይማኖት ከጃይን እምነት ጋር ይያያዛሉ። ሆኖም በአካባቢው የሂንዱም ሆነ የጃይን ቤተ መቅደስ የሚገነባው በአንድ ዓይነት ቅርጽ ስለነበር፣ ሕንፃውንና ምስሎቹን ለየብቻ መርምሮ ከዚያ በኋላ ማገናኘት ይሻላል።

ምርመራውን ከመግቢያው ይጀምሩ። ከበሩ በላይ ያለው ክፍተት ሦስት ማዕዘን መስሎ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የጡብ ረድፍ ከሥሩ ካለው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ መደርደሩን ያስተውላሉ። ጡቦቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው የሚቆሙበት እውነተኛ ቅስት በቤንጋል የተስፋፋው ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ፣ በሙስሊም ገዥዎች ዘመን በመሆኑ፣ ይህ አሠራር ሕንፃው ቀደም ያለ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ ወደ ላይ ይመልከቱ። ወደ ጫፉ እየጎበጠ የሚወጣው ግንብ ሬካ ዴውል ይባላል። በግድግዳው ላይ የፈረስ ኮቴ የሚመስሉ ትንንሽ የመስኮት ቅርጾች ይታያሉ፤ እነዚህ በጡቡ ላይ ተቀርጸው በላያቸው ስስ ልስን ይደረግባቸው ነበር። ልስኑ በረገፈበት ቦታ የቀራጩ ሥራ ራቁቱን ስለሚታይ፣ ፀሐይ አግድም በምታበራበት ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ መድረስ ተመራጭ ነው። ለዚህ በባርድማን ያለው ሳት ዴውል መልካም ምሳሌ ነው። ስሙ «ሰባት ቤተ መቅደሶች» ማለት ቢሆንም፣ ዛሬ የቆመው አንድ ብቻ ነው።

ሃይማኖቱን ለመለየት ዋናው መንገድ ምስሉ ነው። ጃይኖች 24 ቲርታንካራ የሚሏቸው መምህራን አሏቸው፤ ብዙዎቹም እጆቻቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ራቁታቸውን ቀጥ ብለው ቆመው ይቀረጻሉ። ፓርሽቫናታ ከራሱ በላይ በተዘረጋው ባለ ብዙ ራስ እባብ፣ ሪሻባናታ በትከሻው ላይ በወረደው ጸጉርና በበሬ ምልክቱ፣ ማሃቪራ ደግሞ በአንበሳ ይታወቃሉ። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመቆሚያው ላይ ስለሆነ፣ ፊቱ የጠፋ ሐውልት እንኳ ማንነቱ ሊታወቅ ይችላል።

በባንኩራ ባሁላራ መንደር ያለው የሲድሄሽዋር ቤተ መቅደስ ዛሬ የሂንዱው አምላክ የሺቫ አምልኮ የሚካሄድበት ሲሆን፣ ከሺቫ ምልክት ጋር የፓርሽቫናታ ምስልም በውስጡ ይገኛል። በፑሩሊያ ፓክቢራ ደግሞ ከ2 ሜትር የሚበልጥ የቲርታንካራ ሐውልት በነዋሪዎች ዘንድ ባይራብ (አስፈሪው የሺቫ ገጽታ) ተብሎ ይመለካል። ስለዚህ የመንደሩን ሰዎች ምስሉን ምን ብለው እንደሚጠሩት ይጠይቁ፤ መልሱን ግን ለመጀመሪያው ዘመን ማስረጃ አያድርጉት። በእኔ ግምት፣ እንዲህ ያለው አምልኮ ብዙ ምስሎችን ከመጥፋት አድኗል።

የጃይን እምነት ከዚህ ምድር ጋር ያለው ትስስር የቆየ ነው። አቻራንጋ ሱትራ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ማሃቪራ ላዳ በተባለ አገር ሲዘዋወር ሰዎች ውሾች እንደለቀቁበት ይተርካል፤ ላዳም የዛሬው ምዕራብ ቤንጋል አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። ሳራክ የሚባለው የአካባቢው ማኅበረሰብም የቀድሞ ጃይኖች ዝርያ እንደሆነ ይነገራል።

ከጉዞው በፊት የሕንድ አርኪዮሎጂ ጥናት ተቋም ባልደረባ የነበረው ጆሴፍ ዴቪድ ቤግላር እ.ኤ.አ. በ1872 እና 1873 አካባቢውን ዞሮ የጻፈውን ዘገባ ያንብቡ፤ እርሱ ያያቸው አንዳንዶቹ ዛሬ የሉምና። በአብዛኛው ከድንጋይ የተሠሩት የቴልኩፒ ቤተ መቅደሶች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፓንቼት ግድብ ውኃ ተውጠዋል። በካንግሳባቲ ወንዝ ዳር በዴውልጋታ ከነበሩት ሦስት የጡብ ቤተ መቅደሶች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2002 ተደርምሷል፤ እነዚህን የሺቫ ናቸው የሚሉም አሉ።

በቦታው ሲገኙ ልስኑን አይንኩ፣ በግድግዳው ላይ የበቀለ ሥርም አይንቀሉ፤ ጡቡን ይዞ ሊወርድ ይችላል። የወደቀ ጡብ ሲያዩ ባለበት ፎቶ አንሥተው ይተዉት፤ የወደቀበት ቦታ ከየትኛው የግድግዳ ክፍል እንደመጣ ለማወቅ ይረዳል።