የሩቅ ሬዲዮ ምልክት ከድሬዳዋ ሰምቶ ካርታ ላይ እንዴት ማስፈር ይቻላል?

ፒኤስኬ ሪፖርተር የሚባለውን፣ የትኛው ጣቢያ የት እንደተሰማ በነጥብ የሚያሳየውን የአማተር (የትርፍ ጊዜ) ሬዲዮ የቀጥታ ካርታ ስትከፍቱ አውሮፓ በነጥብ ተጥለቅልቆ፣ እኛ አካባቢ ጭር ብሎ ታገኙታላችሁ። ሞገዱ እዚህ ስለማይደርስ አይደለም፤ ሰምቶ የሚያስመዘግብ ስለጠፋ ነው። ለማሰራጨት ፈቃድና የጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ ስም) የግድ ነው፣ ለዚህ ግን ማዳመጥ ይበቃል።

መጀመሪያ አድራሻችሁን እወቁ። ካርታው ከዚራ ወይም ሳቢያን ብትሉት አይገባውም፤ የሚያውቀው ሜይደንሄድ የተባለውን የፍርግርግ ኮድ ነው። ድሬዳዋ ኤልጄ09 (LJ09)፣ ሐረር ኤልጄ19 (LJ19) ናት፤ 42ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ በመሃላቸው ያልፋል። ኮዱን በላቲን ፊደል ስትጽፉ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ፦ ጄኤል09 (JL09) ካላችሁ ነጥባችሁ አልጄሪያ በረሃ ላይ ታርፋለች።

ከዚያ አንቴና። ለ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ላለው የሞገድ ክልል) 10 ሜትር ያህል ሽቦ ከመስኮት እስከ ግቢው ኒም ዛፍ ወጥሩ። ከቆርቆሮ ጣሪያ አርቁት፤ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ወይም ሥር ግን ፈጽሞ አታሳልፉት።

አጭር ሞገድ የሚቀበል ኤስዲአር (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሬዲዮ መቀበያ) ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ 14.074 ሜጋኸርትዝ ላይ አቁሙ፣ ከመቀበያው አማራጮች የላይኛውን የጎን ባንድ (USB የሚለውን) ምረጡ። ድምፁን ደብልዩኤስጄቲ-ኤክስ ወደተባለው ነፃ ፕሮግራም አስገቡ፤ ኤፍቲ8 (FT8) የተባለውን፣ አጫጭር መልእክት በዲጂታል ምልክት የሚላክበትን ዘዴ መርጣችሁ፣ ለራሳችሁ የምታወጡትን መለያና የፍርግርግ ኮዱን ሙሉ፣ ወደ ፒኤስኬ ሪፖርተር የሚልከውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። መለያው የሌላ ሰው የጥሪ ምልክት እንዳይሆን ብቻ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሰዓት ነው። ኤፍቲ8 በየ15 ሴኮንዱ ይተላለፋል፤ የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከተዛነፈ ምልክቱ እየታየ አንድም ፊደል አይፈታም። ሰዓቱን ከኢንተርኔት አስተካክሉ። ፕሮግራሙ የሚያሳየው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ የእኛ ቀን 6 ሰዓት እዚያ 9:00 ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሰማችሁት ደግሞ 22:00 ተብሎ በፊተኛው ቀን ይመዘገባል፤ ማስታወሻ ስትይዙ እንዳትደናገሩ።

20 ሜትር የቀን ባንድ ነው፤ እኔ የምወደው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ያለውን ሰዓት ነው። ሲመሽና ባንዱ ሲዘጋ (ምልክት መሰማቱ ሲቆም) ወደ 7.074 ሜጋኸርትዝ ውረዱ።

ሁሉ ተስተካክሎ ስክሪኑ በቀጥ ያሉ ወፋፍራም መስመሮች ከተሞላ የቤታችሁን ቻርጀሮች አንድ በአንድ ንቀሉ። እኔ አንቴናውን ሦስት ቀን ስወቅስ ከርሜ፣ ጥፋተኛው ከአልጋው ሥር የተረሳ የስልክ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ። ስነቅለው መስመሮቹ ጠፉ፤ ከሥራቸው ቀጫጭን የኤፍቲ8 ምልክቶች ብቅ አሉ።