ነፍሳትን ለመታደግ ሲባል የሚፈጸሙ ስህተቶች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ በጎ ፈቃደኞች

ለነፍሳትና ለሌሎች አከርካሪ አልባ እንስሳት የቆመ ማኅበር ሥራው ሁለት ነው፤ መኖሪያቸውን ማቆየትና ያሉበትን ሁኔታ ሳያዛቡ መመዝገብ። ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ቦርከና ወንዝ ዳር ደጋግመው የሚታዩት ስህተቶችም ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጡም።

ነፍሳት ሲባል የማር ንብን ብቻ ማሰብ። ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው ቀፎ ማከፋፈል ነው። ቀፎ ለአናቢው ገቢ ያመጣል፣ ደግ ሥራም ነው፤ የነፍሳት ጥበቃን ግን አይተካም። አብዛኞቹ የንብ ዝርያዎች ማር አያከማቹም፣ በመንጋም አይኖሩም። እናቲቱ ብቻዋን መሬት ቆፍራ ወይም የእንጨት ቀዳዳ ፈልጋ ትራባለች። አበባ በሚሳሳበት ወቅት ብዙ ቀፎ በአንድ ቦታ ማጎር እነዚህን ምግብ ያሳጣቸዋል። ኑግ ደግሞ በራሱ የአበባ ዱቄት በቅጡ ፍሬ አይዝም፤ ከሌላው ተክል የሚያመጣለት ነፍሳት ያስፈልገዋል። የማሳው ዳር መጭና ግራዋ ሲመነጠር ጉዳቱ ለገበሬውም ይተርፋል።

ቦታውን ከልክ በላይ ማጽዳት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በቅን ልብ፣ በብዙ ሰው ጉልበት፣ በአንድ ቀን ይፈጸማል። ለዘመቻ የወጣው ቡድን ቅጠሉን ጠርጎ ያቃጥላል፣ የወደቀውን ግንድ ለማገዶ ይወስዳል፣ የተራቆተ መሬት ባየበት ሁሉ ችግኝ ይተክላል። ፀሐይ የሚያገኘውን ደረቅ የእርከን ጠርዝ ግን ጎንበስ ብለው ይዩት። እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ፣ አፏ ላይም እንደተነፋ ዱቄት የላመ የአፈር ቁልል ካለ፣ ውስጥ የንብ እጭ ከነስንቁ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል። ጥቂት ዶማ የቀጣዩን ዓመት ትውልድ ይጨርሳል።

ስለዚህ ተከላው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ቦታውን ዞሮ ይይ፤ እንዲህ ያለ ጠርዝ ሲያገኝ አራት ችካል ተክሎ በገመድ ይከልል። በየግቢው 2 ካሬ ሜትር ያህል ፀሐያማ መሬት ሳይቆፈር ይቅር። የበሰበሰ ግንድም ጥላ ሥር እንደተጋደመ ይቆይ፤ አንዳንድ የጢንዚዛ እጭ በውስጡ ከዓመት በላይ ይኖራል። የሚተከለውን በተመለከተ፣ የባሕር ዛፍ አበባ በማር ንብ ይቀሰማል፤ ቅጠሉ ግን ለአብዛኞቹ የአገሬው ቢራቢሮ እጮች ምግብ አይሆንም። ብሳና፣ ዋንዛና ወይራ ይቅደሙ።

የተበላ ቅጠል ሲያዩ መርጨት። ኮምቦልቻ ጓሮ ውስጥ የሎሚ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ቡናማና ነጭ ትል ይታያል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በጣት ሲነኩት ከራሱ ኋላ ሁለት ቀንድ የመሰለ ብርቱካናማ ነገር ብቅ አድርጎ ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። ጥቁርና ገርጣ ያለ ቢጫ ክንፍ ያለው የዚያ ትልቅ ቢራቢሮ እጭ ነው። ያደገ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት አይሞትም፤ ችግኝ ከሆነ ትሉን በእጅ አንስቶ ወደ ትልቁ ዛፍ ማዛወር ይበቃል። ሰብል ላይ መርጨት ግድ ሲሆን ደግሞ ያበበውን ትቶ፣ ንቦች ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ ለጎረቤት አናቢ ከቀኑ በፊት ነግሮ ነው።

ነፍሳት የማይገቡበት የንብ ቤት መሥራት። የሸምበቆ ቁራጭ ሁለት በኩል ክፍት ከሆነ ንቧ አትራባበትም። በአንድ በኩል በአንጓው የተዘጋ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀትና ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ አፉ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ይሁን። ከመሬት 1 ሜትር ከፍ አድርገው፣ ፊቱን ወደ ጠዋት ፀሐይ አዙረው፣ እንዳይወዛወዝ አጥብቀው ይሰሩት። የክረምት ዝናብ እንዳይገባበት ክዳኑ ወደ ፊት ይውጣ። እርጥበት ከገባ እጩ ይሻግታል።

ወጥመድ ቀብሮ መርሳት። መሬት ላይ የሚሄዱትን ለመቁጠር ኩባያ ሲቀበር ከንፈሩ ከአፈሩ ጋር እኩል ካልሆነ ጢንዚዛው ዞሮት ያልፋል። ውኃ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ጥቂት ጠብታ የሽታ አልባ ሳሙና፣ ከላይ በጠጠር 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ። በ24 ሰዓት ይነሳ። በሐምሌ አይሞከር፤ ጎርፍ ይሞላዋል። ሲያበቃ ኩባያው ይውጣ፣ ጉድጓዱም ይደፈን፤ የተረሳ ኩባያ ሲገድል ይከርማል።

ቀኑን በቁጥር ብቻ መጻፍ። «05/02/2016» የሚል ምልክት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ከተነበበ ፌብሩዋሪ 5 ይሆናል፣ ልዩነቱም 7 ዓመት ከ8 ወር ነው። ወሩን በስሙ ጽፈው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይበሉ፤ ሰዓቱንም «ከጠዋቱ 3» ብለው ይለዩ። ከፍታውም አይቅር፦ ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ የሁለቱን የቢራቢሮ ቆጠራ ደምሮ አንድ ማድረግ ትርጉም የለውም። ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ የናሙናው ጠርሙስ ውስጥ ይግባ፤ ቢክ በአልኮል ይለቃል። አልኮሉም 70 በመቶ ይሁን፣ አረቄ ደካማ ስለሆነ ናሙናው ይበሰብስበታል።

ቦርከናን በአንድ ነጥብ መመዘን። ከከተማው በላይና በታች፣ በአንድ ቀን፣ እኩል 3 ደቂቃ የውኃ ውስጥ ነፍሳት ናሙና ይወሰድ። ከታች ወደ ላይ ይሂዱ፤ አለዚያ በእግር የደፈረሰው ውኃ ቀጣዩን ናሙና ያበላሻል። ከድንጋዩ ሥር ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጭራ ያላቸው እጮች መብዛታቸው ውኃው ደህና መሆኑን ያመለክታል። ቀይ ክር የመሰሉ ትሎች ብቻ ከቀሩ ኦክስጅን አንሷል። የተነሳው ድንጋይ ሁሉ በነበረበት ጎኑ፣ በነበረበት ቦታ ይመለስ።