አክሶሎትልን በአኳሪየም እንዴት ማራባት ይቻላል?

አክሶሎትል ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ አድጎም ስንጥቡ (ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል) የማይጠፋ የሜክሲኮ ሳላማንደር፣ ማለትም እንሽላሊት መሰል የእንቁራሪት ዘመድ ነው። በተፈጥሮ የቀረው በሜክሲኮ ሲቲ ደቡብ በሚገኙት የሶቺሚልኮ ቦዮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል ይገመት ነበር፤ በ2014 ግን 36 ብቻ። ያመናመነው የውኃው መበከልና እንቁላሉን የሚበሉት ካርፕና ቲላፒያ የተባሉ ዓሦች ናቸው።

መጀመሪያ ውኃውን አስተካክሉ። ለሁለት አክሶሎትል 150 ሊትር ያህል የሚይዝ አኳሪየም ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ከ24 ካለፈ መብላት ያቆማሉ፣ ይታመማሉም። ከእዳሪያቸውና ከምግብ ትራፊ የሚመጡት መርዛማዎቹ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ ሳይወገድ አይገባም።

ወንዱ ከጭራው ሥር ባለው ጉልህ እብጠት ይለያል። ሴቷ 18 ወር ሳይሞላት አታገናኟቸው፤ ገና እያደገች እንቁላል መሸከም ያደክማታል። የአንድ እናት ልጆችንም አታጣምሩ።

ብዙ ሰው የሚስተው ወለሉን ነው። ወንዱ ዘሩን እንደ ትንሽ ሾጣጣ ዝልግልግ እሽግ አድርጎ ወለል ላይ ያስቀምጣል፤ በአንድ ሌሊት ከ5 እስከ 25 ሊደርስ ይችላል። በለስላሳ መስታወት ላይ ግን አይጣበቅለትም። ስለዚህ ሻካራና ጠፍጣፋ ድንጋዮች አንጥፉ። ጠጠር አታስገቡ፤ ይውጡትና አንጀታቸው ይዘጋል። እንቁላሏን የምታጣብቅበት የውኃ ተክልም ጨምሩ።

ለጥቂት ሳምንታት ለየብቻ አቆዩአቸውና ማታ ላይ በትንሹ በቀዘቀዘ ውኃ አገናኟቸው። ወንዱ ሴቷን በአፍንጫው ይገፋፋታል፣ ጭራውን እያወዛወዘም ይመራታል። እሷም ተከትላው በእሽጉ ላይ ስታልፍ ዘሩን ከሥሯ ወደ ውስጥ ትወስዳለች። ብዙ ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ መጣል ትጀምራለች፤ ከ100 እስከ 1,000 እንቁላል።

ጥላ እንደጨረሰች ሁለቱንም አውጡ፤ እንቁላሉን ይበሉታል። ሴቷ ዳግም ከመገናኘቷ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ትረፍ። ነጭ ሆኖ የሻገተውን እንቁላል በየቀኑ ልቀሙ። የምታሳድጉትን ያህል ብቻ አስቀርታችሁ የቀረውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ መቶ እጭ በአንድ ገንዳ ማጨናነቅ ይብሳል።

በሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈለፈላሉ። ለሁለት ሦስት ቀን በአስኳላቸው ይቆያሉ፤ ከዚያ የሚንቀሳቀስ ምግብ ብቻ ነው የሚበሉት። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨው ውኃ የሚኖር ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ከጨዉ አጥባችሁ በቀን ሁለት ጊዜ ስጡ። የሞተው ተራፊ ውኃውን ስለሚያበላሽ በየቀኑ ይቀየር። የፊት እግራቸው ሲወጣ እርስ በርስ መነካከስ ይጀምራሉ፤ በመጠን ለያዩአቸው።

ያደጉትን ወደ የትኛውም ወንዝ አትልቀቁ። በቤት የሚራቡት ብዙዎቹ ከሌላ ሳላማንደር ጋር የተዳቀለ ዘር አላቸው፣ በሽታም ሊያዛምቱ ይችላሉ።